ፊደል ያልቆጠሩ የካንሰር ታካሚዎች ስለ ሕክምናቸው አውቀው እንዲወስኑ እንዴት እንርዳቸው?

ጥያቄ፦ የካንሰር ክፍል ነርስ፣ ሰሜን ኢትዮጵያ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼና ይህን የምታነቡ ሁሉ።

የምሠራው ኬሞቴራፒ በሚሰጥበት የሪፈራል ሆስፒታል ክፍል ነው። ከምናክማቸው መካከል የሚበዙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ይዟቸው ከገጠር የሚመጡ እናቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። እኛ ዘንድ የሚመጡት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ የገጠር ሴቶች ስለሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ማንበብ የሚችሉት ከዚያም ያነሱ እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም።

የሚያሳስበኝ የስምምነት ቅጹ የሚፈረምበት መንገድ ነው። ቅጹ ይነበብላቸዋል፣ «ገባዎት ወይ?» ተብለው ይጠየቃሉ፣ «አዎ ልጄ፣ ገብቶኛል» ይላሉ፣ ከዚያም የጣት አሻራቸውን ያሳርፋሉ። በማግስቱ መድኃኒቱ በደም ሥራቸው እየገባ ሳለ «ይህ ለምንድን ነው? ዕጢው ወጥቶልኝ የለም እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን፣ ያ አሻራ ምን ማለት እንደነበር ግራ ይገባኛል።

አሁን ለጥያቄ ያነሳሳኝ የጡት ካንሰራቸው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ሳለ የተደረሰበት አንዲት እናት ናቸው። ሐኪሙ ሁለት መንገድ እንዳለ ገለጸላቸው። አንደኛው ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጡቱን ማትረፍና ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ የጨረር ሕክምና መውሰድ ነው። እናቲቱ አንገታቸውን ደፍተው «እናንተ ያላችሁት ይሁን» አሉ፤ አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ደግሞ «ይቆረጥ» ብሎ መለሰ። ወረቀቱ ተሟልቷል፣ እርሳቸው ግን የወሰኑ አልመሰለኝም።

አንዲት ታካሚ በእውነት እንደተረዱኝ በምን አውቃለሁ? «ይህን ያህል በመቶ» የሚባለውን ነገር ትምህርት ቤት ላልገቡ ሰዎች እንዴት ላስረዳ? ቤተሰቡ በእርሳቸው ፈንታ ሲናገርስ ምን ላድርግ? ሐኪሙ ለአንድ ታካሚ ያለው ጊዜ አጭር እንደሆነ ታውቃላችሁና፣ በሥራችን ልክ የሚሆን ምክር ብትለግሱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የካንሰር ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ሲስተር፣ ጥያቄውን በማንሣትሽ አመሰግንሻለሁ። ማንበብ አለመቻልና መወሰን አለመቻል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በብዙ ክፍሎቻችን ይዘነጋል። እነዚህ እናቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ ውሳኔ ሲወስኑ የኖሩ ናቸው፤ የጎደላቸው እኛ የያዝነው መረጃ በሚያገኙት መልክ አለመቅረቡ ነው።

ከታካሚዋ ጋር ከመነጋገራችን በፊት እኛ ራሳችን አንድ ነገር ማጥራት አለብን። የትኛው ነገር በእርግጥ ምርጫ ነው? አንቺ ያነሣሻቸውን እናት ብንወስድ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባለ የጡት ካንሰር ጡትን አስወግዶ መታከምና ጡትን አትርፎ ጨረር መውሰድ በሕይወት በመቆየት ረገድ እኩል መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተሙት ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ የአሜሪካ ሌላው የጣሊያን፣ ታካሚዎቹን ለ20 ዓመት ያህል ተከታትለው ያረጋገጡት ይህንኑ ነው። ሆኖም በአሜሪካው ጥናት ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር ካልወሰዱት 100 ሴቶች በ39ኙ ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ ተመልሷል፤ ጨረር ከወሰዱት 100 ሴቶች ግን የተመለሰባቸው 14 ያህሉ ናቸው። እንግዲህ ለእኚያ እናት «ጡትዎ ይትረፍ ወይስ ይወገድ?» ብሎ መጠየቅ የነገሩን ግማሽ ብቻ መንገር ነው። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ቦታዎችም ቢጀመርም፣ ወረፋውና መንገዱ ዛሬም ለገጠር ታካሚ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሚነገራቸው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «ጡትዎን ማትረፍ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ለተወሰኑ ሳምንታት ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ጨረር ወደሚሰጥበት ከተማ ሄደው መቆየት አለብዎት። ያ ካልሆነ በሽታው እዚያው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ጡትዎ ሙሉ በሙሉ ከተወገደ ደግሞ ጨረር ላያስፈልግዎት ይችላል፤ በብብትዎ ያሉት ንፍፊቶች ሲመረመሩ ግን ያም ሊያስፈልግ እንደሚችል ከአሁኑ ይወቁት።» እንዲህ ሲባል ታካሚዋ ስለ ጡታቸው ብቻ ሳይሆን ስለ መንገዱ፣ ስለ ማረፊያውና ቤት ስለሚቀሩት ልጆች ጭምር ያስባሉ፤ ውሳኔያቸውም የሚመሠረተው በዚያ ላይ ነው።

መረዳታቸውን በምን አውቃለሁ ላልሽው፣ «ገባዎት ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ጨርሶ ተዪው። በባህላችን ለሐኪም «አልገባኝም» ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራልና መልሱ ምንጊዜም «አዎ» ነው። በምትኩ እኔ የምለው ይህን ነው፦ «እናቴ፣ በደንብ ማስረዳቴን ማወቅ እፈልጋለሁ። ቤት ሲገቡ ባለቤትዎ ምን ተባልሽ ቢሉዎት ምን ብለው ይመልሱላቸዋል?» ፈተናው የእኔ እንጂ የእርሳቸው አይሆንም። ሁለት ሦስት ነገር ከተነገራቸው በኋላ ይህ ይጠየቅ እንጂ ሁሉም ተነግሮ እስኪያልቅ አይጠበቅ። በራሳቸው አነጋገር መግለጽ ካልቻሉ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ድምፅን ከፍ አድርጎ መድገም አይረዳም፤ የገለጻው መንገድ ራሱ መለወጥ አለበት። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ኬሞ ለምን እንደሚያስፈልግ ለገበሬ ሳስረዳ፣ አረሙ ተነቅሎም ዘሩ አፈር ውስጥ ሊቀር እንደሚችል፣ መድኃኒቱም የሚፈልገው ያን በዓይን የማይታየውን ዘር እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ክፍል «ዕጢው ወጥቶልኝ የለም እንዴ?» ብለው የጠየቁትን እናት ይህ ይረዳቸው ይመስለኛል።

በመቶኛ ስለሚነገረው ነገር፣ «ሠላሳ ዘጠኝ በመቶ» ከማለት «እንደ እርስዎ ካሉ አሥር ሴቶች ጨረር ሳይወስዱ ከቀሩ አራቱ ያህል ላይ ይመለሳል፤ ስድስቱ ላይ አይመለስም» ማለት ይቀላል። ሁለቱም ወገን ይነገር፤ ለሁለቱም አማራጭ የሚቆጠረው ከዚያው ከአሥር ይሁን። አንዱን ከአሥር ሌላውን ከሃያ ብንቆጥር የተማረውም ሰው ይሳሳታል። እኔ አሥር የባቄላ ፍሬ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አራቱን ለብቻ አደርጋለሁ።

መልስ፦ የታካሚ ልጅ

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። እናቴ የማኅፀን በር ካንሰር ታምማ የጨረርና የኬሞ ሕክምና ስትወስድ አስታማሚዋ ነበርኩ። እናቴ ፊደል ባትቆጥርም የዕድሩን መዋጮ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ በቃሏ ይዛ ስትናገር ጸሐፊው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክረው ነበር። በሆስፒታል ግን ሁሉም ሰው የሚያናግረው እኔንና ወንድሜን ነበር፤ እርሷ በመካከላችን ተቀምጣ የምትታይ እንጂ የምትጠየቅ አልነበረችም።

ሐኪሞቹ ስለ በሽታው ደረጃና ስለ መድኃኒቱ ስም ብዙ ነገሩን። እናቴ ማወቅ የምትፈልገው ግን ሌላ ነበር። አጨዳ ሳይገባ ቤቷ ትመለሳለች? ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር ትችላለች? በየቀኑ ለሚሰጠው ጨረር የት ታድራለች፣ ምን ትበላለች? ይህን ሁሉ የጠየቀችው በተከራየነው ክፍል ውስጥ ማታ ማታ እኔን ነበር፤ እኔ ደግሞ አላውቅም። ስለ ሕክምናው የሚያስረዳ ሰው በመጀመሪያ «ከሁሉ በላይ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?» ብሎ ቢጀምር፣ ቀሪው ንግግር መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ ይልቅ እንድታስቡበት የምለምናችሁ ግን ይህን ነው። የዳሌ አካባቢ ጨረር የወር አበባን እንደሚያቆም፣ ብልትን እንደሚያጠብና እንደሚያደርቅ፣ ከባል ጋር የሚኖረውን ግንኙነትም እንደሚያስቸግር እናቴ የሰማችው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ምናልባት ቀድሞ ለመንገር የሞከረ ሐኪም ነበረ ይሆናል፤ ነገር ግን ወንድሜ በተቀመጠበት እርሷ አንዲት ቃል አትጠይቅም፣ ወንድሜም አይሰማም። ለእያንዳንዷ ታካሚ ቤተሰብ ወጥቶ ከሴት ነርስ ጋር ብቻዋን የምትሆንበት ጥቂት ደቂቃ ቢመደብ፣ በወረቀት የማይገኝ ብዙ ነገር ይሰማ ነበር።

በጣም የጠቀመን ነገር ስልክ ነው። አንዲት ነርስ ፈቅዳልን የምትነግረንን ሁሉ በድምፅ ቀዳሁት። እናቴ ማታ ማታ ደጋግማ አዳመጠችው፤ ገጠር ለነበረው አባቴም ላክንለት። ትኩሳት ሲይዛት እስከ ቀጠሮዋ መቆየት እንደሌለባት ያስታወሰችን እርሷ ራሷ ነበረች፤ ከቅጂው ሰምታ በቃሏ ይዛው ስለነበር ነው።

ስለ ማረፊያ ለሚቸገር፣ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች ማረፊያና ድጋፍ ይሰጣል፤ ይህ ከውሳኔው በፊት ሊነገር ይገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነም ሰው የሪፈር ወረቀቱን ሳይዝ እንዳይነሣ ንገሩልን። ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚተወው ጠልቶት ሳይሆን ወጪው ስላስፈራው ነው፤ ስለ ወጪ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ስለ ሕክምናው አውቆ ወስኗል ለማለት ይከብደኛል።

መልስ፦ የሕክምና አስተርጓሚ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ

በምሠራበት አካባቢ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ልጆቻቸው ከአገር ቤት ያስመጧቸው፣ በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን አሉ። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሽፋን ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ለማስተርጎም መጠቀምም ተከልክሏል። የዚህ ምክንያቱ እህታችን ከላይ ከተናገሩት ጋር አንድ ነው። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም የሚከብደውን ነገር ይዘለዋል። ሐኪሙ ሦስት ደቂቃ የተናገረውን «ይሻልሻል ይሉሻል» ብሎ በአንድ ቃል ሲዘጋው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ከፍቅር የሚመጣ ነው፣ እናቲቱ ግን ያላወቀችውን ነገር ትፈርማለች።

በአገር ቤት ባለሙያ አስተርጓሚ ማግኘት ሁልጊዜ እንደማይቻል አውቃለሁ። አማርኛ ለሁሉም ታካሚ የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዳልሆነም አይረሳ፤ አገውኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ለምትናገር እናት በአማርኛ የተነገረ ማብራሪያ እንደ ወረቀቱ ሁሉ ዝግ ሊሆን ይችላል። የግድ የቤተሰብ አባል የሚያስተረጉም ከሆነ፣ አስቀድሞ ለብቻው ጠርቶ «የምናገረውን ሁሉ፣ የሚከብደውንም ጭምር፣ ሳትቀንስ ሳትጨምር አድርስልኝ፤ የምትከብድህ ነገር ካለች ለእኔ ንገረኝ እንጂ አትዝለላት» ማለት ብዙ ነገር ያስተካክላል። ባለሙያው ሲናገር ዓይኑ ከታካሚዋ ላይ አይነሣ፤ አንድ ሐሳብ ተናግሮም ያቁም። መልሰው እንዲናገሩ ሲጠየቁም መልሱ መምጣት ያለበት ከእርሳቸው አፍ ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የስልክ ቅጂውንና ታካሚዋን ለብቻ የማነጋገሩን ነገር በክፍላችን ለመጀመር ዛሬውኑ ከአስተባባሪያችን ጋር እነጋገራለሁ። ኬሞ የሚወስዱ ታካሚዎች ለሰዓታት ስለሚቀመጡ ሐኪሙ በጥድፊያ የነገራቸውን እዚያ በእርጋታ ማስረዳት የሚቻል ይመስለኛል። ከቀያዮቹ መድኃኒቶች አንዱን የወሰዱ እናቶች ሽንታቸው ሲቀላ ደም መስሏቸው ደንግጠው ሁለተኛውን ዙር ሳይመጡ የሚቀሩት እኮ፣ የመድኃኒቱ ቀለም እንደሆነና በአንድ ሁለት ቀን እንደሚጠፋ አስቀድሞ ስላልተነገራቸው ነው።

ሁለት ነገር ግን አሁንም ይከብደኛል። ቤተሰቡ በር ላይ ጠብቆ «እባክሽ ሲስተር፣ ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሪያት፣ ትሞትብናለች» ሲል ምን ልመልስ? እናቲቱ ራሳቸው «ለልጄ ትቼዋለሁ፣ እርሱ የወሰነው ይሁን» ሲሉስ፣ ያ ውሳኔ ነው ወይስ ውሳኔ ማጣት?

መልስ፦ የማስታገሻ ሕክምና ነርስ

እኅቴ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ብዙ ጊዜ ሲያከራክረን የኖረ ነው። እንደ እኔ እምነት፣ ምን እንዳለባቸውና ምን ምርጫ እንዳለ ካወቁ በኋላ «ልጄ ይወስንልኝ» የሚሉ እናት ወስነዋል፤ በአገራችን ሰው ብቻውን አይታመምም፣ ብቻውንም አይወስንም። ምንም ሳይነገራቸው «እናንተ ያላችሁት ይሁን» የሚሉት ግን ሌላ ነው። ልዩነቱን የምታውቂው አደራውን የሰጡት ምን እንደሆነ ሲጠየቁ መናገር ከቻሉ ነው። አደራ የሰጠ ሰው መልሶ ሊወስደውም ይችላልና፣ ሕክምናው በተለወጠ ቁጥር እንደገና ጠይቂያቸው።

ቤተሰቡ ደብቂልን ሲል አልከራከርም። የሚፈሩት ምን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከዚያም «ሄጄ ድንገት አልነግራቸውም፣ ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም» እላቸዋለሁ። መርዶ እንኳ በአገራችን ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ ነው የሚነገረው፤ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ታካሚዋን ደግሞ አስቀድሜ «ስለ ሕመምዎ ሁሉን ቢነገርዎት ይወዳሉ ወይስ ዋና ዋናውን? ማን አብሮዎት ቢሆን ይመርጣሉ?» እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ቀድሞውኑ እንደሚያውቁ፣ ቤተሰባቸው እንዳይጨነቅ ሲሉ ዝም ማለታቸውን የሚነግሩኝ ያን ጊዜ ነው።

በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ኬሞው ዕድሜ ሊጨምር ቢችልም እንደማያድን ካልተነገራቸው፣ በሬ ሸጠው ከተማ ሊከርሙ ይችላሉ፤ ቢነገራቸው ኖሮ ሕመማቸው በሞርፊን ታግሦላቸው ከልጆቻቸው ጋር ቤታቸው መሆንን ይመርጡ የነበሩ አሉ። «ሕክምና የለም» አይባልም፤ ሕመምን ማስታገስ ራሱ ሕክምና እንደሆነ፣ ምርጫ እንደሆነም ይነገር።

ጠበልን «ወይ ይህን ወይ ያን» አድርጎ ማቅረብ ታካሚውን ያርቃል። ጠበሉን እየጠጡ መድኃኒቱን እንዲወስዱ የንስሐ አባታቸው ሲነግሯቸው የሚቀበሉት ከእኔ ሲሰሙ ከሚቀበሉት ይልቃል። ዐቢይ ጾም ላይ ኬሞ የሚጀምሩ እናት በጾሙ ምክንያት ቀጠሯቸውን እንዳያሳልፉ ካህኑን አስቀድሞ ማናገር ይጠቅማል፤ ሙስሊም ታካሚዎችን በረመዳን በተመለከተም እንዲሁ ኢማማቸውን ማማከር ነው።

ለዶክተር አንድ ነገር ልጨምር። ባቄላ መደርደሩን እኔም ሞክሬዋለሁ፤ አንዳንድ እናቶች ግን ፍሬው ጠረጴዛ ላይ ሲበተን ጠጠር የሚጥል ጠንቋይ ዘንድ የተቀመጡ ይመስላቸውና ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ወይም ለብቻ የተቀመጡት ፍሬዎች ዕጣ ፈንታቸውን የሚናገሩ ይመስላቸዋል።

መልስ፦ የካንሰር ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ይህ ጠቃሚ ማሳሰቢያ ነው፤ አሥሩን ጣቶቼን ዘርግቼ አራቱን ማጠፍም ያንኑ ሥራ ይሠራል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ግን «እርስዎ ከአራቱ ይሁኑ ከስድስቱ እኔም አስቀድሜ አላውቅም» የሚለው ዐረፍተ ነገር አብሮ ይነገር፤ ቁጥሩን እንደ ትንቢት እንዳይወስዱት የሚያደርገው እርሱ ነው።

ውሳኔን የሚያግዙ ሥዕሎች፣ ቪዲዮዎችና ጽሑፎች የታካሚዎችን ግንዛቤ እንደሚያሳድጉ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ግምገማ 105 ጥናቶችን መርምሮ አሳይቷል፤ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ግን የተዘጋጁት ለሚያነብ ሰው ነው። በእኛ ቋንቋዎች በድምፅ የተቀዳ ማብራሪያ፣ በየሕክምናው ዓይነት አጠር አጠር ብሎ ቢዘጋጅ፣ ከሚታተመው በራሪ ወረቀት ይልቅ ለእነዚህ እናቶች ይደርሳል። ሥዕል ሲሠራም ጡት ወይም ማኅፀን ተቆርጦ ለብቻው አይሣል፤ ሥዕል ማየት ያልለመደ ሰው ምን እንደሆነ ላያውቀው ይችላልና ሙሉ ሴት ተስላ ቦታው ይመላከት።

ስለ አሻራው፣ ሲስተር፣ በክፍላችሁ ልታስጀምሩት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። አሻራው ሲደረግ ምስክር የሚሆነው ሰው ሕክምናውን ከሚሰጡት ወገን አይሁን፤ ታካሚዋ የመረጡት፣ ማንበብ የሚችል ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። ምስክሩም ቅጹ መነበቡን ብቻ ሳይሆን ታካሚዋ ምን እንደሚደረግላቸው በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ መስማቱን አረጋግጦ ይፈርም። እርሳቸው የተናገሩትንም በሁለት መስመር፣ እንዳሉት አድርገሽ፣ በካርዳቸው ላይ ጻፊው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያገኛቸው ባለሙያ ከዚያ ይቀጥላል።